ጠጅ ቀጂ፣ ወሬ ቀጂ

ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ለተሰብሳቢዎች ሻይ ቡና ማቅረብ ነበር። ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገት የሚያንቅ ከረባት። ትሪ ይዞ መግባት፣ ትሪ ይዞ መውጣት። ደመወዙ አያወላዳም። ጉርሻው ግን አንዳንዴ ጥሩ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሁለት ሰዎች አዳራሹ ጥግ ቁጭ ብለው ሦስተኛ ባልደረባቸውን ከሥራው እንዴት እንደሚያስወጡት ይመክራሉ። ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚደግፍ፣ ሰውየው ቢከራከር ምን እንደሚባል ሁሉንም ጨርሰውታል። መሐል ላይ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው በበሩ ብቅ ሲል ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ትሪዬን ይዤ ስገባ ግን ቀጠሉ። አንደኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ባዶ ሲኒውን ገፋ አደረገልኝ። የሚያወሩት ደግሞ በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ «አይገባውም ብለው ነው» ብዬ እጽናና ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ለሦስተኛው ሰውዬ ሻይ ቀዳሁለት። በረንዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ጣናን ያያል።

«ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

«ሁለት» አለኝ።

ምንም አልነገርኩትም። ከሰዓት በኋላ የሆነው ሆነ። እኔም ሲኒ ሰበሰብኩ።

ይህን ነገር ያስታወሰኝ ሰሞኑን ያነበብኩት የሌላ አስተናጋጅ ታሪክ ነው። እሱ የሚሠራው ሮም፣ እንግሊዝ ኤምባሲ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቤት ከወጡት ወረቀቶች አንዱ ስለ ጣና ያወራል። ሰውየው በረንዳ ላይ ቆሞ ስለሚያየው፣ ስለዚሁ ስለኛ ጣና።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራንቼስኮ ኮስታንቲኒ የሚባል ጣልያናዊ ሮም በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ተላላኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የሶቪየት ሰላዮች መለመሉት። ሰኮንዶ የሚባል ወንድምም አለው። እሱም እዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ ሎሌ ነው። በእነዚህ ወንድማማቾች እጅ የወጣው ወረቀት ወደ ሞስኮ ይሄዳል። ቅጂው ደግሞ ለጣልያን ወታደራዊ ስለላ ይደርሳል። አንድ በግ ለሁለት ገዢ። ለስታሊንም ለሙሶሊኒም የተለየ ፍቅር ኖሯቸው አይደለም። ብር ነው።

እንዴት ቻሉ? እዚህ ላይ ነው እኔን የሚገርመኝ። ፊልም ላይ እንደምናየው በገመድ የሚወርድ ሰው የለም። መርዝ ያለበት ብዕር የለም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምስጢር የሚጠብቅ አንድም ሹም አልነበረውም። ፀሐይ አይጠልቅበትም የተባለ መንግሥት! በር አለ፣ ካዝና አለ፣ ቁልፍ አለ። ማታ ማታ ካዝናውን የሚወለውለው ማነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1937 መጀመሪያ ላይ የአምባሳደሩ ባለቤት የአንገት ሐብል ጠፋ። ሐብሉ የነበረው ቁልፍ ባለው ቀይ ሣጥን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ደነገጠ። ለዓመታት የአገር ምስጢር ሲወጣበት ተኝቶ የከረመ ቤት በሐብል ነቃ። ቫለንታይን ቪቪያን የሚባል የስለላ ድርጅታቸው ሹም ከለንደን መጣ። ዞሮ አየ። ጥበቃው ወንፊት ሆኖ አገኘው። ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ደግሞ ጣቱን ወደ ሰኮንዶ ቀሰረ።

አምባሳደሩ ሰር ኤሪክ ድራሞንድ ግን አልተዋጠላቸውም። ሎሌያቸው ነዋ። ያን ሁሉ ዓመት ያገለገለ። ጭራሽ ለታማኝነቱ ሽልማት ይሆነው ብለው፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም ለንደን ላይ በተከበረው የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የዘውድ በዓል እንዲገኝ ከነሚስቱ ጋበዙት። ሰላዩ በተሰለለው መንግሥት ወጪ ንጉሥ ሲነግሥ አየ። ይህን ልብ ወለድ ላይ ብጽፈው አርታኢ «ተጋነነ» ብሎ ይሰርዝብኛል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሮም ላይ ወረቀቱ ለቀቀ። ሞኙ ግን አለቀቀም።

በነገራችን ላይ ድራሞንድ ተራ ሰው አይደሉም። የመንግሥታቱ ማኅበር የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም መስከረም ላይ ጄኔቫ ገብታ አባል ስትሆን ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

*

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ሰኔ 1927 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ሊጀመር አራት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ለንደን ውስጥ አንድ ኮሚቴ ሪፖርት ጨረሰ። ሰብሳቢው ሰር ጆን ማፊ ነው። የቀረበለት ጥያቄ ቀላል ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን ብትይዝ እንግሊዝ ምን ይጎድልባታል? መልሱም ከጥያቄው የቀለለ ሆነ። ይህን ያህል የሚጎድል ነገር የለም። እንግሊዝ ጣልያንን እንድትገታ የሚያስገድዳት ጥቅም ኢትዮጵያ ውስጥ የላትም። አንድ ነገር ሲቀር። ጣናና የአባይ ውሃ።

ማፊ ከዚያ በፊት ለዓመታት የሱዳን ጠቅላይ ገዢ ነበር። ስለ አባይ ሲጽፍ በወሬ ሰምቶ አይደለም። ካርቱም ተቀምጦ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል አይቷል።

እንግዲህ ጎጃም ቁጭ ብላችሁ ይህን አንብቡት። እኔ ያነበብኩት ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ማታ ነው። ቧንቧው ሁለት ቀን ውሃ አቋርጦ ነበርና መሐል ላይ ሳቄ መጣ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ተረቱ ሌላ መልክ ይዟል። ውሃው ተቆጥሯል፤ ልጁ አልተቆጠረም። ደብሩ፣ ቅኔ ቤቱ፣ ጤፉ፣ በሬው፣ ሰዉ ሁሉ «ይህን ያህል» በሚለው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ሙሶሊኒ ይህን ያነበበው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ካርታ ስትጫወት ተቀናቃኝህ የያዘውን ከኋላው ቆሞ የሚያይልህ ሰው እንደማግኘት ነው። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጄኔቫ ላይ ቆሞ ወረራን በጋራ ስለመከላከል ትልቅ ንግግር አደረገ። አዳራሹ አጨበጨበ። አዲስ አበባም ተስፋ አደረገች። ሮም ያለው ሰውዬ ግን ከንግግሩ በስተጀርባ ያለውን ወረቀት ያውቀዋል።

ከዚያ በየካቲት 1928 ዓ.ም ሪፖርቱ «ጆርናሌ ዲታሊያ» በሚባል የጣልያን ጋዜጣ ላይ ወጣ። እንግሊዝን ለማሳፈር ነው። «ስለ ፍትሕ የሚሰብኩን እነዚህ ናቸው» ለማለት። የእኛ ሠራዊት አምባ አራዶም ላይ በቦምብ በሚያልቅበት ሰሞን ማለት ነው። እውነቱ ለባለቤቱ በሌባ በኩል ደረሰው። ከረፈደ ደግሞ።

እንግሊዝን ብቻ መራገም ይቀለኛል፤ ግን አይበቃኝም። እያንዳንዱ መንግሥት ካዝና ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳለ እገምታለሁ። «ጎረቤታችን ቢሞት ምን ይቀርብናል?» የሚል። ልዩነቱ የእነሱ ተሰርቆ መውጣቱ ነው።

የጣና ጉዳይ በዚያ ዓመት የተጀመረም አይደለም። በ1894 ዓ.ም ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ላይ፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አለ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም ደግሞ ሙሶሊኒና የእንግሊዙ አምባሳደር ሮም ላይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣልያን ትደግፋለች። ጣልያን ከኤርትራ ወደ ሶማሊያ በኢትዮጵያ መሐል ባቡር እንድትዘረጋ እንግሊዝ ትደግፋለች። ሁለት ሰዎች የሦስተኛ ሰው ማሳ ላይ አጥር ተካፈሉ። ባለማሳው የሰማው ወራት ቆይቶ ነው።

ራስ ተፈሪ ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ዛሬም ደስ ይለኛል። ጦር አላዘመቱም። ሰኔ 1918 ዓ.ም ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤቱታ ጻፉ። የማኅበሩ አባል ነን፤ ታዲያ ስለ አገራችን ሁለት አባላት በጓዳ ሲስማሙ ምን ማለት ነው አሉ። ሁለቱም መንግሥታት አፈሩና «ኧረ እኛ ማስገደድ አላሰብንም» ወደማለት ሄዱ። አቤቱታው የደረሰው ዋና ጸሐፊ ማን ነበር? እኚሁ ድራሞንድ። ያን ጊዜ ወረቀቱ በፊት ለፊት በር ገባላቸው። ኋላ በጓዳ በር ወጣባቸው።

ከዚያ አዲስ አበባ ሌላ ዘዴ ሞከረች። ግድቡን አሜሪካኖች ይሥሩት ብላ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ላከች። የኒው ዮርኩ የጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ መሐንዲሶችም ጣና ድረስ መጥተው አጠኑ። ግድቡ ሳይሠራ ጦርነቱ ደረሰ።

*

ዳንግላን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ብርድና ዝናብ የማይጠፋበት፣ አረንጓዴ፣ ጭር ያለ አገር ነው። አሁን ባሕር ዳርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው አስፋልት ስላለፈበት ሞቅ ብሏል። ከ90 ዓመት በፊት ግን አስቡት። ከተማም አይባል። እዚያ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር።

ቆንሲሉ ሮበርት ቺዝማን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንሲል ነበር። ወፍ የሚያጠና ሰው ነው። ከዚያ በፊት ዓረብ አገር ዞሯል፤ እዚያ በስሙ የተጠራ የበረሃ አይጥ ሁሉ አለ። ጎጃም ሲመጣ ደግሞ በፈረንጅ ካርታ ላይ አባይ ገና በነጠብጣብ መስመር በግምት የሚሰመርበት ቦታ ነበር። ሸለቆው ጥልቅ፣ ወባው ብዙ፣ ሽፍታውም እንዲሁ። ሰውየው በቅሎ ጭኖ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ የአባይን መንገድ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር ተከተለው። ግሽ አባይ ምንጩ ድረስ ሄደ። ጣናን በታንኳ ዞረ። ደሴቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ገዳማቱን፣ ሥዕሉን፣ መነኮሳቱን መዘገበ። ያን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመው፤ ደስ የሚል መጽሐፍ ነው።

ታዲያ ሰላይ ነበር?

ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩት አልነግራችሁም። በአንድ በኩል ሁሉንም ያደረገው በግልጽ ነው። ጢሙን ለውጦ አልሄደም። በሌላ በኩል ጣና ላይ ዓይኑን የጣለ መንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ወፍ ሲቆጥር ወንዙንም እየለካ ነው። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ ጆሮ ጠቢ። ግን ቺዝማን ላይ አይገጥምም። እሱ ጆሮ አይደለም፣ ዓይን ነው። ያየውንም በአደባባይ የሚያይ ዓይን።

ዲፕሎማቶች ራሳቸው ይህን መስመር ለማስመር ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ቪየና ላይ የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት 3ኛው አንቀጽ የኤምባሲን ሥራ ሲዘረዝር፣ በተቀባዩ አገር ያለውን ሁኔታ «በሕጋዊ መንገድ ሁሉ» እያወቁ ለመንግሥታቸው ማሳወቅ ይላል። «በሕጋዊ መንገድ» የምትለዋ ናት ሁሉንም የተሸከመችው። ጋዜጣ ማንበብ ሕጋዊ ነው። ገበያ ወጥቶ የጤፍ ዋጋ መጠየቅ ሕጋዊ ነው። ሚኒስትር እራት ጋብዞ ምላሱን ማላላትም ሕጋዊ ነው። የሚኒስትሩን ጸሐፊ በብር መያዝ ግን ስለላ ነው። መሐሉ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው፤ የዳንግላ የነሐሴ ጠዋት ዓይነት።

የቺዝማን ታሪክ ደግሞ እዚያ ላይ ቢያልቅ ፍርዱ ይቀለኝ ነበር። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦር ስትማዘዝ ሰውየው ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ብቅ አለ። የጎጃም መንገድ፣ የጎጃም መሻገሪያ፣ የጎጃም ባላባት ማን ከማን እንደሚዋደድ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ተገኘ። በዚያው ክረምት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ አርበኞችን የሚያግዘውን «ተልዕኮ 101» ይዞ ጎጃም ገባ፤ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን አገኘ። ጃንሆይ በጥር 1933 ዓ.ም ድንበር ተሻገሩ። መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለውሃ ሲባል የተለቀመ እውቀት ለነፃነት ዋለ። ይህን የት ላይ እንደማስቀምጠው እስካሁን አላውቅም። ቺዝማንን ልወቅሰው ስነሳ ይሄ ይመጣብኛል። ላመሰግነው ስነሳ ማፊ ይመጣብኛል።

*

ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ጭጋግ የለም።

በሐምሌ 1920 ዓ.ም ኢትዮጵያና ጣልያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት ወዳጅ ናቸው። በዚያው ዘመን ግን አሥመራ ያሉ የጣልያን ሹሞች ሌላ ፖሊሲ ይዘው ነበር። መሐሉን ትቶ ዳር ዳሩን መያዝ። ከአዲስ አበባ ጋር መጨባበጥ፤ ከትግሬ፣ ከበጌምድር፣ ከወሎና ከጎጃም መኳንንት ጋር ደግሞ በጓዳ መወዳጀት። ለዚህ ሥራ ቆንስላዎች ያስፈልጋሉ። ዐድዋ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐረር፣ እንዲሁም ደብረ ማርቆስ።

እስቲ አስቡት። በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፓስፖርት የሚያሳድስ ጣልያናዊ ስንት ይኖራል? ቆንስላው ግን ነበር። እንግዳ ይቀበላል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ስጦታ ይልካል፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ ይመዘግባል። ሥራው ቅያሜ መመዝገብ ነበር ብል ብዙም አልሳሳትም።

ቅያሜ ደግሞ ጎጃም ሞልቷል። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ሀብታም፣ ብልህ፣ በግብር ሰዉን ያስመረሩ፣ በ1916 ዓ.ም ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን የዞሩ። በ1924 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተባለና ታሰሩ። ሀብታቸው ተወረሰ። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። የተክለ ሃይማኖት ቤት ልጆች ሸዋ ቀማን አሉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ ከኋላቸው ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ። ራስ ኃይሉም ኋላ ለጣልያን አደሩ።

የመጀመሪያው የጣልያን ጦር አዛዥ ደ ቦኖ ከዘመቻው በኋላ ሲጽፍ፣ በዚህ የማላላት ሥራ ቢያንስ 200,000 ሰው ከንጉሡ ጎን እንዳይሰለፍ አድርገናል ብሏል። ጄኔራል ስለ ራሱ ሥራ ሲጽፍ ቁጥር ይረዝማልና ግማሹን ጣሉት። ግማሹም ብዙ ነው። ደግሞ ሁሉንም ለጣልያን ብር መስጠት ለእኛ የሚመች ማምለጫ ይመስለኛል። ቆንሲሉ ቅያሜውን አልፈጠረውም። ተቀምጦ አገኘው። እኛው ነን ያስቀመጥንለት።

*

የእናቴ እናት፣ እማሆይ፣ ያረፉት ሰማንያውን አልፈው ነው። አባታቸው ወጣት ሳሉ ደብረ ማርቆስ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ጠጅ ቀጂ ነበሩ። የትኛው ትልቅ ሰው? አይነግሩኝም። «የዚያ ሰውዬ ቤት» ነው የሚሉት። ሰውየው ከሞተ ስድሳ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ ስሙን አይጠሩም። ምን እንደሚያስፈራቸው እንጃ።

አንድ ፋሲካ፣ ጠላ ቀማምሰን፣ ያዝኳቸው።

«እማሆይ፣ እዚያ ቤት ጣልያን ይመጣ ነበር እንዴ?»

«ይመጣ ነበር አሉ።»

«ታዲያ ምን ያወሩ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አባትዎስ? እዚያው ቆመው አልነበር?»

እማሆይ ቆብ አስተካከሉ። «አባቴ ጠጅ ቀዳ እንጂ ወሬ አልቀዳም።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔም ያን ጊዜ ሳቅኩና አለፍኩት። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው ነገሩ የመጣልኝ። ጠጅም ይቀዳል፣ ወረቀትም ይቀዳል፣ ውሃም ይቀዳል። የኮስታንቲኒ ወንድማማቾች ቀዱ። ለንደን ልትቀዳ የፈለገችው ደግሞ ጣናን ነው።

ቅድመ አያቴ በእርግጥ ዝም ብለው ይሆን? የእማሆይ ቃል አለኝ፣ ሌላ ምንም የለኝም። ወሬ የሚያቀብል ሰው ልጅም «አልቀዳም» ነው የምትለው። ግን ሳስበው፣ ያ ቤት አንድ ነገር ያውቅ ነበር። በድሮው የመኳንንት ቤት አሳላፊና እልፍኝ አስከልካይ ከሜዳ አይቀጠሩም። አባታቸው ይታወቃል፣ አገራቸው ይታወቃል፣ ነውራቸው ይታወቃል። ጌታው ሎሌውን ያየዋል። ይፈራዋልም። እየቀመሰ ነው የሚያጠጣው፤ መርዝ ቢኖር ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ሮም ያሉት አምባሳደር ሎሌያቸውን ይወዱት ነበር፤ የዘውድ በዓል ድረስ። አላዩትም እንጂ።

የድሮው ሥርዓት ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ሎሌን ማየትና ሎሌን ማክበር ለየቅል ናቸው። በድሮው ቤት ወሬ ያወጣ ምላሱን ሊያጣ ይችላል።

ደግሞ አንድ ነገር። ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባ የነበረው የጣልያን መንግሥት መልእክተኛ ካውንት ቪንቺ አልሄድም አለ። ከሩቅ አገር ያለ የቆንስላ ወኪሌ ሳይመለስ አልወጣም ብሎ። አገሩ ዐድዋን በቦምብ ደብድባለች፤ እሱ ሌጋሲዮኑ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ፣ ውስጥ ተቀምጧል። ጃንሆይ ግን አላስነኩትም። በጥበቃ አቆይተው፣ ወኪሉ ሲመጣለት፣ በባቡር ሸኙት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተናዶ ይሆናል። እኔ ሳነበው ኮራሁ። ከማፊ ወረቀት ቀጥሎ ስላነበብኩት ይሆናል።

*

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ከጓደኛዬ ጋር ጣና ዳር ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ስለ አንድ የጋራ ዘመዳችን የመሬት ነገር እያጫወተኝ ነው። ከበድ ያለ ነገር ነው፤ ሰው የሚያጣላ። እኔም ስለዚያ ዘመዳችን የማውቀውን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ትሪ ይዛ መጣች። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከረባት የላትም፤ ዘመኑ ተሻሽሏል።

ዝም አልኩ።

«ምነው? ቀጥል እንጂ» አለኝ።

በዓይኔ ወደሷ አሳየሁት።

«ኧረ ባክህ» ብሎ ሳቀ። «ሻይ ልታቀርብ እኮ ነው።»

ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሻዩን ቀዳች። ከኋላዋ ታንኳዎቹ ወደ ከተማው ይመለሳሉ፣ ማገዶ ጭነዋል።

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለችኝ።

ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። «ሁለት» አልኳት።